ኤስቢልድ፣ ሞክ ወይስ ኒክስ? ለሊኑክስ ፓኬጅ ለምትሠሩ

ሦስቱም የፕሮግራምን ኮድ በንጹህ ቦታ ወደ ፓኬጅ፣ ማለትም ለመጫን ወደተዘጋጀ መልክ፣ የሚቀይሩ መሣሪያዎች ናቸው፤ ነፃም ናቸው። የምትከፍሉት ጊዜ፣ የዲስክ ቦታና የኢንተርኔት ዳታ ነው። እኔ ግን ከሁሉም በፊት የማየው አንድ ነገር ነው፦ የረሳችሁትን ዲፔንደንሲ (ፕሮግራሙ የሚያስፈልገውን ሌላ ላይብረሪ ወይም መሣሪያ) የቱ ቶሎ ያጋልጥላችኋል?

ነገሩ ቀላል አይደለም። ብዙ ፕሮግራሞች ቢልድ ሲደረጉ (ከኮድ ወደሚሠራ ፕሮግራም ሲቀየሩ) ማሽኑ ላይ ያለውን ላይብረሪ ራሳቸው ይፈልጋሉ። ካገኙ ይጠቀሙበታል፣ ካጡ ዝም ብለው ያልፋሉ። ላፕቶፓችሁ ላይ ሊብከርል (ከኢንተርኔት ለማውረድ የሚያገለግለው የከርል ላይብረሪ) ድሮ ተጭኖ ከሆነ ኮንፊገር (ከቢልዱ በፊት ማሽኑን የሚፈትሸው ስክሪፕት) «የስ» ይላል፣ ሁሉም ይሠራል። ሌላ ማሽን ላይ «ኖ» ይልና ሥራውን ይቀጥላል። ፓኬጁ ያለ አንዳች ስህተት ይወጣል፤ ከኢንተርኔት ማውረድ ብቻ አይችልም። ይህን መጀመሪያ የሚያየው ምስኪኑ ተጠቃሚ ነው። ስለዚህ የትኛውንም ብትመርጡ፣ የምትፈልጉትን ላይብረሪ ለኮንፊገር በግልጽ እዘዙት። ያኔ ላይብረሪው ሲጠፋ ቢልዱ ይቆማል።

ኤስቢልድ የዴቢያንና የኡቡንቱ ነው። ባዶ ሲስተም ያዘጋጃል፣ «ዴቢያን/ኮንትሮል» ፋይል ላይ በቢልድ-ዲፔንድስ ሥር የጻፋችሁትን ብቻ ይጭናል፣ ሲጨርስ ያጠፋዋል። ጂሲሲንና (የሲ ኮምፓይለሩን) ሜክን (ቢልዱን የሚመራውን መሣሪያ) መዘርዘር አይጠበቅባችሁም፤ ሁሌም በሚጫነው ቢልድ-ኢሴንሻል ውስጥ አሉ። የሚያደክመው የስም ነገር ነው። ለከርል ብቻ ለምሳሌ «ሊብከርል4-ኦፕንኤስኤስኤል-ዴቭ» ብላችሁ ትጽፋላችሁ፤ ስሙን ካላወቃችሁ ፍለጋ ነው።

ሞክ የፌዶራ ነው፣ ለጀማሪ የምመርጠውም እሱን ነው። እዚህ «ፒኬጂኮንፊግ(ሊብከርል)» ብላችሁ ብትጽፉ ይበቃል፤ የትኛው ፓኬጅ እንደሚያቀርበው ራሱ ይፈልጋል። ፌዶራ ከ2018 ጀምሮ፣ ማለትም ከፌዶራ 29 ወዲህ፣ ጂሲሲን እንኳ በነባሪነት አይጭንም። ስለዚህ የሲ ፕሮግራም ስትሠሩ ጂሲሲን በቢልድ-ሪኳየርስ (በፌዶራ በኩል የቢልድ-ዲፔንድስ አቻ) ካልጠራችሁት ቢልዱ እዚያው ይወድቃል። መጀመሪያ ያናድዳል፣ በኋላ ግን ጥሩ ልማድ ያስይዛል። የፌዶራ የፓኬጅ ሥርዓት የሆነው አርፒኤም ደግሞ በ4.15 ቨርዥኑ በ2019 ትልቅ ነገር አመጣ፦ ዲፔንደንሲው ከፕሮግራሙ ከራሱ ፋይሎች ተነቦ ቢልድ ሲደረግ ይወጣል። ፓይተንና ረስት ላይ ለምትሠሩ ይህ ብዙ ድካም ይቀንሳል።

ኒክስ ከሁሉም ጥብቁ ነው። እያንዳንዱ ላይብረሪ «ኒክስ/ስቶር» ውስጥ የራሱ አድራሻ አለው፤ ካልጠቀሳችሁት ፕሮግራሙ አያየውም። ሁለት የኦፕንኤስኤስኤል (የምስጠራ ላይብረሪ) ቨርዥኖች ጎን ለጎን ሳይጣሉ ይኖራሉ። በዚህ ከሦስቱ የሚደርስበት የለም። ዋጋው ግን ከባድ ነው። ራሱን የቻለ ቋንቋ መማር አለባችሁ፣ ዲስካችሁም ቶሎ ይሞላል።

ተጠቃሚዎቻችሁ ኡቡንቱ ላይ ከሆኑ ብዙ አታስቡ፣ ዴብ ፋይል ነው የሚፈልጉት፤ ኤስቢልድ ያዙ። ፌዶራ ወይም ሬድ ሃት ላይ ከሆኑ ሞክ። ኒክስን የምመክረው አንድ ቡድን ሆናችሁ በየማሽኑ ተመሳሳይ ውጤት ለምትፈልጉ ነው።

በሞባይል ዳታ የምትሠሩ ደግሞ ከኤስቢልድ ጋር አፕት-ካሸር-ኤንጂን አብራችሁ ጫኑ። አንዴ የወረደ ፓኬጅ ለሚቀጥለው ቢልድ ከራሳችሁ ዲስክ ይመጣል። ሞክ የባዶውን ሲስተም ቅጂ ራሱ ያስቀምጣል።