ከውዳቂ ዕቃ የተሠሩ አራት ጌጦች፦ የሦስት ወር ምልከታ

ከተጣሉ ቁሳቁሶች በእጇ ጌጣጌጥ ከምትሠራ አንዲት ባለሙያ አምባር፣ የአንገት ሐብል፣ ጉትቻ እና የደረት ጌጥ ገዝቼ ሦስት ወር ያህል እያፈራረቅሁ አድርጌያቸዋለሁ። እንዲህ ያለውን ሥራ የሚያስተዋውቁ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚነግሩን ቁሱ ከየት እንደ መጣ ነው። እኔ ግን ዕቃዎቹን ስመረምር ይበልጥ ያየሁት መገጣጠሚያቸውን ነው፤ ከቆሻሻ የተለቀመ ነገር በሁለተኛው ወር ተሰብሮ ወደዚያው ከተመለሰ መለቀሙ ምን ይጠቅማል?

ከአራቱ አምባሩን አስቀድማለሁ። የተሠራው ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ገመድ ከወጣ የመዳብ ሽቦ ሲሆን፣ ሦስት ሽቦዎች ተጎንጉነው ጫፎቻቸው በመዶሻ ተጠፍጥፈዋል። ሠሪዋ የገመዱን ፕላስቲክ በቢላ ልጣ እንጂ አቃጥላ እንዳላስወገደችው ከዕቃው ጋር ባያያዘችው ወረቀት ላይ ጽፋለች። ይህ በቀላሉ የሚታይ ነገር አይደለም፤ የገመድ ልባስ ብዙውን ጊዜ ፒቪሲ የተባለ ፕላስቲክ በመሆኑ ሲቃጠል መርዛማ ጭስ ይወጣዋልና፣ በዚያ መንገድ የተገኘ መዳብ ለአካባቢ የታሰበ ሥራ ሊባል አይችልም። መዳብ በተቀጠቀጠ ቁጥር እየጠነከረ ይሄድና መጠኑን ሲያልፍ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ሠሪው በየመሃሉ በእሳት አግሎ ማለስለስ አለበት። የዚህን አምባር ጫፎች በማጉያ መነጽር ባይ አንድም ስንጥቅ አላገኘሁባቸውም። ጠርዙን ዙሪያውን በጥጥ ባሻሸውም አንዲት ክር እንኳ አልያዘም፤ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት በትዕግሥት እንደ ተስተካከለ ያስታውቃል። በሙቀት ቀን ላብ ሲነካው እጄ ላይ አረንጓዴ ምልክት ይተዋል። ምልክቱ በሳሙና የሚለቅ ቢሆንም፣ የመዳብ ጠባይ መሆኑ በዚያው ወረቀት ላይ ቢጻፍ ኖሮ መጀመሪያ ሳየው ባልደነገጥሁ ነበር።

የአንገት ሐብሉ በቀጭን ሽቦ የተጠለፈ አረንጓዴ የጠርሙስ ስባሪ ነው። ብርጭቆው አልተበሳም፤ ሽቦው ዙሪያውን እንደ ጎጆ አቅፎ ይዞታል፣ የሽቦውም ጫፍ ወደ ውስጥ ታጥፎ ስለ ተደበቀ ልብስ አይጎትትም። ቅር ያሰኘኝ «ከባሕር ዳርቻ የተለቀመ» የሚለው መግለጫ ነው። ሞገድና አሸዋ ለብዙ ዓመታት ያሹት ብርጭቆ በገጹ ላይ ጥቃቅን የጨረቃ ግማሽ የመሰሉ ጠባሳዎች ይኖሩታል፤ ይህኛው ግን ገጹ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ድብዝዝታ ስላለው በማሽን የተንከባለለ ይመስለኛል። በማሽን የለሰለሰ የጠርሙስ ስባሪም ቢሆን ከቆሻሻ የተረፈ ብርጭቆ ነውና ያንኑ በግልጽ ብትጽፈው ኖሮ እኔም ያለ ቅሬታ በገዛሁት።

ጉትቻዎቹ ከመጠጥ ቆርቆሮ ተቆርጠው የተሠሩ ቅጠሎች ናቸው። የመጠጥ ቆርቆሮ ከወረቀት እምብዛም የማይወፍር አሉሚኒየም ስለሆነ ጠርዙ እንደ ምላጭ ይቆርጣል፤ እዚህ ግን ጠርዙ ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ታጥፎ ስለ ተጠፈጠፈ አንገቴን አንድም ቀን አልቧጨረኝም፤ ክብደታቸውም ከጆሮ ላይ ያሉ አይመስልም። ችግሩ መንጠቆው ነው። በአራተኛው ቀን ጆሮዬ ቀልቶ ማሳከክ ጀመረና ሠሪዋን ስጠይቃት መንጠቆውን በጅምላ እንደ ገዛችውና ከምን ብረት እንደ ተሠራ እንደማታውቅ ነገረችኝ። ኒኬል የተባለው ብረት ሳይኖርበት አይቀርም፤ ቆዳዬ ኒኬል አይስማማውም። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ በተበሳ ጆሮ ውስጥ የሚገባ ጌጥ የሚለቀው ኒኬል በሳምንት በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ከ0.2 ማይክሮ ግራም በታች እንዲሆን ያዛል፤ ቆዳን በቀጥታ የሚነካ ክፍል የምን ብረት እንደሆነ ማወቅ የሠሪው ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ።

የደረት ጌጡ ብዙ የሚባልለት አይደለም። የተሰበረ ሳሕን ቁራጭ በናስ ዝርግ ላይ በማጣበቂያ ብቻ ተለጥፎ ነበርና በስድስተኛው ሳምንት ኮቴን ሳወልቅ ወለሉ ላይ ወድቆ ለሁለት ተከፈለ። የናሱ ጠርዝ ወደ ላይ ተመልሶ ቁራጩን ቢያቅፈው ኖሮ ይህ አይደርስም ነበር፤ የአንገት ሐብሉን በሽቦ ለጠለፈ እጅ ደግሞ ይህ የሚያቅት ሥራ አልነበረም።

ሠሪዋ የደረት ጌጡን ገንዘብ ያለ ክርክር መለሰችልኝ። የጉትቻዎቹንም መንጠቆ ከአሮጌ ጌጦች ቀልጦ በተሠራ፣ ከ1000 እጅ 925ቱ ብር በሆነ ሽቦ ቀየረችልኝ። ብር በተደጋጋሚ ቢቀልጥና ቢጣራ ጥራቱ አይጓደልም፤ ለቶኪዮ 2020 ኦሊምፒክና ፓራሊምፒክ የተዘጋጁት ወደ 5000 የሚጠጉ ሜዳሊያዎችም ከተጣሉ ስልኮችና ሌሎች የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች በወጣ ወርቅ፣ ብርና ነሐስ የተሠሩ ናቸው። መንጠቆው ከተቀየረ ወዲህ ጉትቻዎቹን በየቀኑ አደርጋቸዋለሁ፣ ጆሮዬም አላሳከከኝም። አምባሩን ለማንም ሰው ያለ ማመንታት እንዲገዛ እመክራለሁ፤ በማጣበቂያ ብቻ የተያያዙትን ግን አሠራራቸው እስኪለወጥ ድረስ ማለፍ ይሻላል።