ለጭቃው ስትሉ ሂዱ

እውነቱን ልናገርና፣ እኔ የሄድኩት ቡና አለ ተብዬ ነው። ጓደኛዬ ደውሎ "አምስት ቀን ሙሉ የቤተ እስራኤል ባህልና ጥበብ ይቀርባል፣ መግቢያው ነፃ ነው፣ ቡናና ዳቦም አለ" አለኝ። ቤተ እስራኤል የሚባሉት የኢትዮጵያ አይሁዶች ናቸው። ከሥራ በኋላ የሚጠብቀኝ ነገር አልነበረም። ቦታው እዚሁ ባሕር ዳር፣ ከጣና ብዙም የማይርቅ አንድ የማኅበረሰብ ማዕከል ነው። የምወቅሰው ነገር ስላለኝ ስሙን አልጠራም። በየዓመቱ ኅዳር ላይ ሊያዘጋጁት እንዳሰቡ ስለሰማሁ ግን፣ ሄዳችሁ የማይሆነው ቀን ላይ እንዳትገቡ ያየሁትን ልጻፍላችሁ።

የመጀመሪያውን ቀን ዝለሉት። የምሬን ነው። አሥር ሰዓት ተብሎ የተጠራ ሰው እስከ አሥራ አንድ ተኩል ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ "ሄሎ ሄሎ፣ አንድ ሁለት" ሲባል ያዳምጣል። ከዚያ ንግግር። ከንግግሩ በኋላ ሌላ ንግግር። ከዚያ የምስጋና ወረቀት። ወረቀት ተቀባዮቹ ፎቶ ተነስተው ሲጨርሱ ቡናው ቀዝቅዟል፣ ዳቦው ደግሞ ከፊት የተቀመጡት ዘንድ አልቋል።

ከዚያ ሁሉ ወሬ አንድ ነገር ይዤ ወጣሁ፤ ለምን ኅዳር እንደተመረጠ። በስግድ ምክንያት ነው። ቤተ እስራኤሎች ከአስተስርዮ፣ ሌላው ዓለም ዮም ኪፑር ከሚለው በዓል፣ 50 ቀን ቆጥረው ስግድን ያከብራሉ። ጾመው፣ ነጭ ለብሰው፣ ቄሶቻቸው ኦሪቱን ይዘው ተራራ ይወጣሉ፤ ይሰግዳሉ፣ ወደ ኢየሩሳሌም መልሰን ብለው ይለምናሉ፤ ከዚያ ወርደው በዳቦ ይፈስካሉ። አገር ቤት ሳሉ ከታወቁት የስግድ ቦታዎች አንዱ ጎንደር አጠገብ ያለው አምቦበር ነበር። አሁን በዓሉ በብዛት የሚከበረው እስራኤል ነው፣ በ2008 እ.ኤ.አ. ፓርላማቸው ብሔራዊ በዓል ብሎ በሕግ አውጆታል። ድሮ ምህለላም ይሉት ነበር አሉ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ይኼን ሲሰሙ "ምህላ በሉና ታዲያ!" ብለው እንደተገላገለ ሰው ወደ ኋላ ተደገፉ። ሰማዩ እንቢ ሲል ምህላ ይዞ የማያውቅ የጎጃም ገጠር የት አለ? ከመድረኩ ሁሉ የሴትዮዋ አንድ ቃል በለጠኝ።

ሁለተኛው ቀን የጸሎትና የሰንበት ቀን ነው፣ ይኼኛው ይሻላል። ቄሶቹ አብዛኞቹ እስራኤል ስለሆኑ ጸሎቱን በቴፕ ነው ያሰሙን። ስፒከሩ እንደ ንብ ይጮኻል፣ ቢሆንም ዜማው ይዞኝ ሄደ። ግዕዝ ነው። ቃሉን ትይዘዋለህ፣ ዜማው ግን የምታውቀው አይደለም። ጽናጽል የለም፣ መቋሚያ የለም፤ ነጋሪትና ቃጭል ብቻ፣ አንዱ ያነሳል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ከእንጅባራ የመጡ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አውጥተው "እነዚህ ሰዎች አገው አይደሉም ወይ?" ብለው ጠየቁ። አቅራቢው ጥሩ መለሰ፤ የድሮ ቋንቋቸው ከአገውኛ ወገን እንደሆነ፣ ጸሎቱ ውስጥ እስከ ዛሬ የዚያ ቋንቋ ቃላት እንዳሉ ነገራቸው። ሽማግሌው ጋቢያቸውን አስተካክለው ተቀመጡ፣ ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው ፈገግ እንዳሉ ነው።

ሰንበት ላይ ሲደርሱ ሳቅ ሆነ። ቅዳሜ እሳት አይነድም፣ ምግቡ ዓርብ ተሠርቶ ያድራል፣ ቀዝቃዛውን ይበላል ሲሉ ያቺው የምህላ እናት "ቡናስ?" አሉ። ቡናም አይፈላም። "ቅዳሜ ያለ ቡና! ይኼስ ጾም ነው" አሉ። እኛም ቀዳሚት ሰንበት እያልን እናከብራለን፣ ጀበናችን ግን እረፍት አታውቅም።

ሦስተኛው ቀን የፊደል ቀን ነው። ይኼን እንዳያመልጣችሁ። አስተማሪው እስራኤል ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው፣ ወላጆቹ ከጎንደር የሄዱ። አማርኛው እየተሰናከለም ቢሆን ያስኬደዋል። ዕብራይስጥ አንቱታ ስለሌለው ሁሉንም ሰው "አንተ" ይላል። አንድ ትልቅ ቄስ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፣ ልጁ ወረቀት እየሰጣቸው "አንተ እዚህ ጻፍ" አላቸው። አዳራሹ ዝም አለ። ቄሱ ወረቀቱን ተቀብለው "ግድ የለም፣ እግዜርንስ አንተ አይደል የምንለው" አሉ። ልጁ ምን እንደተባለ አልገባውም፣ ሰው ለምን እንደሳቀም እንዲሁ።

ከዚያ ሰሌዳው ላይ የዕብራይስጥ ፊደላትን በሰፊ ብዕር ይስል ጀመር። "ይኼ አሌፍ ነው" ሲል ከኋላ አንድ የቆሎ ተማሪ፣ አሥራ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ "ቤት፣ ጋሜል፣ ዳሌጥ" ብሎ ቀጠለለት። ልጁ ብዕሩን ይዞ ዞረ። "ማን አስተማረህ?" ማንም አላስተማረውም፤ ዳዊት ነው። መዝሙር 118 በ22ቱ የዕብራይስጥ ፊደላት የተከፋፈለ ነው፣ ስማቸው በግዕዙ ዳዊት ላይ በየክፍሉ ራስ ተጽፎ ይገኛል። በየቆሎ ትምህርት ቤቱ ዳዊት የደገመ ሁሉ ስማቸውን ያውቃል፣ መልካቸውን አይቶት አያውቅም። ሁለቱ እንዲህ ሆነው ቀጠሉ፤ አንዱ ስሙን ይጠራል፣ ሌላው ሰሌዳው ላይ መልኩን ያወጣል፣ እስከ ታው ድረስ። ማዕከሉ ይኼን አላቀደውም፣ እንዲያውም አስተናጋጇ ሰዓት አልቋል እያለች በር ላይ ቆማ ነበር። ከአምስቱ ቀን እንደገና ልየው ብባል የምመርጠው ይኼንን ግማሽ ሰዓት ነው።

ጥልፉን በአጭሩ ልለፈው። ቆንጆ ነው፣ አንበሳና የዳዊት ኮከብ ይበዛበታል፣ ዋጋው ለፈረንጅ የተቆረጠ ነው።

ጭፈራው ግን አናደደኝ። ወጣቶቹ ደህና ጨፋሪዎች ናቸው፣ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፣ ላብ በላብ ሆነዋል። ግን ቀሚሱ ላይ ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ ሰፍቶ "የአይሁድ ጭፈራ" ማለት ምን የሚሉት ነው? ይኼ እስክስታ ነው። የአክስቴ ልጅ ሠርግ ላይ ያየሁት እስክስታ። አብረን ስለኖርን አብረን ጨፈርን ቢሉ ኖሮ ማን ይከለክላቸዋል? ደግሞ የሚነገር ታሪክ አጥተው አይደለም። ሃይፋ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ተወላጅ ተማሪዎች ስሙን እራሱን "እስክስታ" ያሉት የዳንስ ቡድን ነበር፤ ይኼንኑ የትከሻ ጭፈራ ይዘው ወደ ዘመናዊ መድረክ የወጡ። አንድ አጭር ቪዲዮ ቢያሳዩን ከዚያ ሁሉ ኮከብ ይሻል ነበር።

አሁን ወደ ጭቃው። መግቢያው ነፃ ቢሆንም የሸክላው ክፍል 300 ብር ያስከፍላል፣ ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ነው፣ የሚቀበሉት አሥራ ሁለት ሰው ብቻ። ክፈሉ። ወንድ እኔና አንድ የኮሌጅ ተማሪ ብቻ ነበርን፣ ስንገባ ሴቶቹ ተያይተው ሳቁ። በቤተ እስራኤል ዘንድም ሸክላ የሴት ሥራ ነበር፤ ወንዱ ብረት ይቀጠቅጥ፣ ይሸምን ነበር።

አስተማሪዋ ከወለቃ ነው የመጡት፣ ከጎንደር ወጣ ብላ ካለችው መንደር። የወለቃን የሸክላ አንበሳና ዶሮ መንገድ ዳር ሲሸጥ ያየ ያውቃታል። እትዬ እያልን ነው የምንጠራቸው። ማሽን የለ፣ የሚሽከረከር ነገር የለ። አንድ የተሰበረ ድስት ታች አለ፣ ጭቃው እሱ ላይ ይቀመጣል፣ የሚዞሩት እሳቸው ናቸው። ጎንበስ ብለው ወደ ኋላ እየተራመዱ በአውራ ጣታቸው ከውስጥ፣ በሌላው መዳፋቸው ከውጭ እየደገፉ ግድግዳውን ያሳድጉታል። ሲሳሳ እንደ ቋሊማ የተጠቀለለ ጭቃ ይጨምሩበታል። እኔ ሳደርገው ይጋደማል። "አታስጨንቀው፣ ደግፈው" ይሉኛል።

ጭቃው ውስጥ ገል አለ። የተሰበረ ሸክላ ወቅጠው፣ ነፍተው ይቀላቅሉታል፣ እሳት ላይ ሲገባ እንዳይሰነጠቅ። አሮጌው ድስት አዲሱን ይይዘዋል ማለት ነው። ከዚያ በለሰለሰ ጠጠር ማሸት ነው፣ እስኪያብለጨልጭ። እጄ ሁለት ቀን አመመኝ።

እዚህ ላይ ዋናውን ቅሬታዬን ላንሳ። ከመድረኩ በአምስት ቀን ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳን "ቡዳ" የሚል ቃል አልተነሳም። አንድ ወጣት ሊጠይቅ ጀምሮ ነበር፣ መድረክ መሪው ማይኩን ተቀብሎ "በሰዓት እጥረት ምክንያት" አለ። ያ ሁሉ ንግግር ሲደረግ ሰዓት ሞልቶ ነበር። እኔ ቢቸና ገበያ ነው ያደግኩት። ሸክላ ሻጮቹ ገበያው ጫፍ ላይ ለብቻቸው ይቀመጣሉ። አያቴ ምጣድ ልትገዛ ስትሄድ እኔን ነጠላዋ ውስጥ ትሸሽገኝ ነበር፣ ዓይን እንዳይበላኝ። ምጣዱን ትገዛለች፣ እንጀራውን እንበላለን፣ የሠራችውን ሴት ግን ቤታችን አንጋብዛትም። ጠይብ ናታ። የቤተ እስራኤል ጥበብ የሚባለው ነገር ከዚህ ተነጥሎ አይታይም። ዜና መዋዕሉ እንደሚለው በዐፄ ይስሐቅ ዘመን፣ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ያልተጠመቀ ርስት አይውረስ ተባለ። ርስት የሌለው ሰው ምን ይሠራል? ጭቃና ብረት ይይዛል። ከዚያ ደግሞ ጭቃና ብረት ስለያዘ ይፈራል። ይኼን ሳይነግሩ ጀበናውን ብቻ ማሳየት ምን ይሉታል?

የነገሩኝ እትዬ ናቸው፣ ማይክ በሌለበት፣ ጭቃ እያቦኩ። እሳቸው ቤተ እስራኤል አይደሉም፣ ክርስቲያን ናቸው። ሥራውን በልጅነታቸው ከጎረቤት ሴት ነው የተማሩት። ግንቦት 1983 ላይ፣ ደርግ ሊወድቅ አራት ቀን ሲቀረው፣ በ36 ሰዓት ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤል ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በአውሮፕላን ሲወሰድ ጎረቤታቸውም አብራ ሄደች። ወለቃ ላይ ቱሪስቱ መምጣቱን አላቆመም፣ ሸክላ ይጠይቃል። እትዬ መሥራት ጀመሩ። እናታቸው "አንቺም ቡዳ ልትባዪ ነው?" ብለው አለቀሱ አሉ። "ተባልኩም" አሉ እየሳቁ። "እነሱ ሄዱ፣ ስሙ ለእኛ ቀረ።"

ሌላው ጥፋት የሰዓቱ ነው። ሸክላ ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ መድረቅ አለበት፣ እትዬ ደጋግመው ተናግረዋል። መዝጊያው ዓርብ ስለሆነ ግን ዓርብ ጠዋት ይተኮስ ተባለ። ግቢው ውስጥ ኩበትና እንጨት ተከምሮ ተለኮሰ፣ ሁላችንም ከብበን ቆምን። ከዚያ ጧ! ሌላ ጧ! ከአሥራ ሁለት አምስቱ ፈነዱ። አንዷ ልጅ እንባዋ መጣ። እትዬ ምንም አላሉ፣ ስብርባሪውን በጆንያ ሰበሰቡት። ገል ይሆናላ።

የእኔ ጀበና ተረፈች። አንገቷ ጠሟል፣ ጆሮዋ ለእንስራ የተሠራ ይመስላል።

ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ ከአምስት ሦስት ተኩል። ግማሿ ለዚያ የቆሎ ተማሪ ናት። የምትሄዱ ከሆነ ለሸክላው ቀድማችሁ ተመዝገቡ፣ አሮጌ ሱሪ ልበሱ፣ ጥፍራችሁን ቁረጡ፣ ማዕከሉን ደግሞ መተኮሻውን ለሌላ ሳምንት አድርጉት በሉልኝ።

ጀበናዋን ለእናቴ ወሰድኩላት። አገላብጣ አየቻት። "ማን ሠራት?" አለች። እኔ ነኝ አልኳት። ትንሽ ዝም አለች፣ የአያቴ ልጅ ናትና ዝምታዋ ገብቶኛል። "ጠይብ ሆነህ አረፍከዋ በለኛ!" አለችና ሳቀች። ተነስታ ልታሟሻት እሳት ላይ ጣደቻት። በማግስቱ ሦስት ጎረቤት ተጠርቶ ቡናው ሲቀዳ በተጣመመው አንገት በኩል ረከቦቱ ላይ ፈሰሰ። "አንተ ጠይብ" አለችኝ እየጠረገች፣ "ለእትዬ ዘመድህ ንገራቸው፣ የሚቀጥለዋን አንገቷን ቀና አድርገህ ነው የምትሠራልኝ።"