ዓመቱን ሙሉ በኢ-ሪደር ሳነብ

ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጬ የምውል ሰው ነኝ። ማታ ደግሞ ስልክ ላይ ላንብብ ስል ዓይኔ እምቢ አለኝ። ኢ-ሪደር፣ ማለትም መጽሐፍ ማንበቢያ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ፣ የገዛሁት ለዚህ ነው። ባለ 6 ኢንች ነው። የአምራቹን ስም ልተወው፤ የምለው ነገር ከአንዱ ብራንድ ወደ ሌላው ብዙም አይለያይም። አሁን ዓመቱን ዞር ብዬ ሳየው፣ ምን እንዳነበብኩ ብቻ ሳይሆን ምን ማንበብ እንደተውኩም የወሰነልኝ ይሄ ዕቃ ነው ብል አልዋሸሁም።

ስክሪኑ የተወራለትን ያህል ነው። ከሥሩ በጣም ደቃቅ እንክብሎች አሉ፤ በየእንክብሉ ውስጥ ነጭና ጥቁር የቀለም ቅንጣቶች ይንሳፈፋሉ። ኤሌክትሪክ ሲያገኛቸው አንዱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሌላው ወደ ታች ይወርዳል፤ ከዚያ ባሉበት ይቀራሉ። ስክሪኑ ኃይል የሚፈልገው ገጽ ሲገለጥ ብቻ ስለሆነ ባትሪው ሳምንታት ይቆያል። መብራቱን ከፍ አድርጋችሁ ካነበባችሁ ግን ቶሎ ይወርዳል። ገጽ ሲገለጥ አልፎ አልፎ ጥቁር ብልጭ ይላል፤ እሱን ወዲያው ትለምዱታላችሁ።

ትልቁ ትርፌ ወፍራም ልቦለዶች ናቸው። ተጋድሜ ነው የማነበው፤ 700 ገጽ በአንድ እጅ ይዞ መጋደም ደግሞ ለእጅ አንጓ ቅጣት ነው። ለዓመታት “በኋላ” እያልኩ ያቆየኋቸውን ዘንድሮ ጨረስኳቸው። ከታች ጥግ ላይ “43%” የሚለውን ቁጥር ግን አጠፋሁት። ልቦለድ እያነበብኩ ነው ወይስ ፋይል እያወረድኩ?

የታሪክና የኢኮኖሚ መጻሕፍት ላይ ነገሩ ተገለበጠ። አነባለሁ፣ ይገባኛል፣ ከሳምንት በኋላ ግን ብን ይላል። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት ከዚያ በፊት የተሠሩ 54 ጥናቶችን ሰብስቦ ሲመረምር፣ መረጃ የሚሰጥ ጽሑፍ ከስክሪን ይልቅ በወረቀት ሲነበብ የተሻለ ይገባል ብሏል፤ ትረካ ላይ ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም። የኔም ዓመት ይኸው ነው። ወረቀት ላይ “ያ ነገር በግራ ገጽ፣ ወደ ታች ነበር” ብዬ ተመልሼ አገኘዋለሁ። እዚህ ግራ የለ፣ ቀኝ የለ።

የወደድኩለት አንድ ነገር አለ። ያሰመርኩባቸው ዓረፍተ ነገሮች በሙሉ አንድ ፋይል ውስጥ ከነቀናቸውና ከነሰዓታቸው ይጠራቀማሉ። ሰሞኑን ከፍቼ አየሁት። የታሪክ መጻሕፍቱ ላይ መጀመሪያ አካባቢ በየአንቀጹ አስምሬያለሁ፤ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ጸጥ። ልቦለዶቹ ላይ ደግሞ ያሰመርኩት ጥቂት ነው፤ ሰዓቱ ግን ያሳፍራል። አንዱ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይላል፣ በማግስቱ ሥራ እያለብኝ። ያሰመርኩት ዓረፍተ ነገር ደግሞ “በሩን ዘግቶ ወጣ” ነው። ለምን እንዳሰመርኩበት እግዜር ይወቀው።

ወደ ቅሬታዬ ልምጣ፤ አማርኛ። መጀመሪያ የጫንኩት የአማርኛ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ባዶ ሳጥን ሆኖ ወጣ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ (ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት የሚለዩበት የጋራ ሥርዓት ውስጥ) የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ይህ ዛሬ ሰበብ አይሆንም። ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ የሚባለውን ነፃ ፎንት (የፊደል ቅርጽ ፋይል) ስጭንበት ተስተካከለ፤ ደግሞም ያምራል። ፎንት የማይፈታው ግን ስካን የተደረገውን ፒዲኤፍ ነው፤ እጄ ላይ ያሉት የአማርኛ መጻሕፍት ደግሞ አብዛኞቹ እነዚህ ናቸው። እያንዳንዱ ገጽ ፎቶ ነው፤ ፊደሉ ብቻውን አይተልቅም። ገጹን ካሰፋችሁት እያንዳንዱን መስመር ለመጨረስ ወደ ቀኝ መጎተት፣ ለሚቀጥለው ወደ ግራ መመለስ ነው። መሣሪያውን አግድም አዙሮ ግማሽ ግማሽ ገጽ ማንበብ ትንሽ ይሻላል። በእንግሊዝኛ ቃሉን ጫን ስትሉት ፍቺው ብቅ ይላል፤ በአማርኛ እኔ ጋ ምንም የለም።

ግጥምማ አይነሳ። ፊደሉን አተልቃለሁ ስትሉ ስንኙ ይሰበርና ቤት መምቻው ብቻውን ወደ ታች ይወርዳል። ዜማው እዚያው ይሞታል።

በዚህ ሁሉ ምክንያት ዘንድሮ በአማርኛ ያነበብኩት ከአምናው አነሰ። ጥፋቱ የመጻሕፍቱ አይደለም። እጅ ወደ ሚቀናው ይሄዳል፣ የሚቀናው ደግሞ የእንግሊዝኛው ነበር። ለሚመጣው ዓመት ታሪኩንና ግጥሙን ወደ ወረቀት መልሻለሁ፤ መሣሪያው ለልቦለድ ብቻ ይቀመጥ።

ይገዛ ወይ ለምትሉኝ፣ ማታ ማታ ልቦለድ የምታነቡ ከሆነ ዓይናችሁን ሳታሹ ግዙት። በብዛት የምታነቡት ስካን የተደረገ አማርኛ ከሆነ ግን 6 ኢንቹን ተዉት፤ ወደ 10 ኢንች የሚጠጋው ላይ ገጹ ሳይጎተት ይነበባል። ብቻ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ የአማርኛ ፋይል ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ክፈቱት። ሻጩ ካቅማማ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።