የአባቴ ላንድክሩዘር ቦሎ ተለጠፈላት! ለሳሪሱ ጋሼ ዕድሜ ይስጥልኝ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ እንዲህ ያለ ነገር መጻፍ አልለመድኩም፤ የሰው አንብቤ፣ ላይክ አድርጌ ነው የማልፈው። ዛሬ ግን ከጠዋት ጀምሮ በመስኮት ብቅ እያልኩ መኪናዋን አያለሁ። መስታወቷ ላይ አዲሱ ቦሎ፣ የዓመታዊ ምርመራ ማለፊያው ወረቀት፣ ተለጥፏል። አስራ አንድ ወር ለዚች ወረቀት ተሰቃይቻለሁ። ያሳለፈኝን የሳሪሱን መካኒክ ሳላመሰግን ብቀር ግፍ ይሆንብኛል።

መኪናዋ የአባባ ናት። 1985 እ.ኤ.አ. የተሠራች ላንድክሩዘር፣ ሲክስቲ የሚሏት። የ77ቱ ድርቅ ጊዜ ለእርዳታ ከመጡት አንዷ ስትሆን፣ ድርጅቱ ኋላ በጨረታ ሲሸጥ አባባ ገዛት። በአገራችን በመንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ፣ ምጥ የጠናባት ሁሉ በሷ ነው ሐኪም ቤት የሄደው። ሙሽራም ጭናለች፣ እህልም ጭናለች፤ የእናቴንም አስከሬን ከደብረ ብርሃን ያመጣናት በሷ ነው። ስለዚህ «ብረት ናት፣ ሽጫት» የሚለኝን ሰው አልሰማውም።

አንድ ችግር ግን ነበራት፤ ቤንዚን ናት። ስድስት ፒስተን፣ 4.2 ሊትር ሞተር። በሊትር አራት ኪሎ ሜትር ከሄደች ያ ቀን ጥሩ ቀን ነው። ድሮ እንደምንም ይቻል ነበር። ከ2014 ክረምት ወዲህ የነዳጅ ድጎማው እየተነሣ ሲመጣ ግን መሐል ሜዳ ደርሶ መልስ ለቤንዚን የማወጣው አንድ ሙክት የሚገዛ ሆነ። ሌላ መኪና እንዳልገዛ ደግሞ በ2012 በወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ ከሰባት ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና ታክሱ እስከ 500 ፐርሰንት ይደርሳል። ከጥር 2016 ጀምሮ ደግሞ የቤት መኪና ኤሌክትሪክ ካልሆነ አይገባም ተባለ። ኤሌክትሪኳን ገዝቼ መንዝ ውስጥ ሞላሌ ላይ በምን ቻርጅ ላድርጋት? ያለኝ ምርጫ ያለችውን ወደ ናፍጣ ማስቀየር ብቻ ነበር።

እናም ወሰድኳት። የት እንደወሰድኳት አልጽፍም፤ ለእግዚአብሔር ሰጥቻቸዋለሁ። «በሦስት ሳምንት ትወስጃታለሽ» አሉኝ፤ አራት ወር ፈጀ። ስሄድ «ነገ ነይ»፣ ነገ ስሄድ «ዕቃ እየጠበቅን ነው»። አንድ ቀን ምን ዓይነት ሞተር እየገጠሙ እንደሆነ ብጠይቅ፣ አንዱ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ባል ወይ ወንድም የለሽም? ለሱ ብናስረዳው ይሻላል» አለኝ። እኔ አካውንታንት ነኝ። አስራ ስድስት ዓመት ሙሉ የወንዶችን ሒሳብ ሳስተካክል ነው የኖርኩት። ደረሰኝ ስጠይቃቸው ደግሞ ሳቁ።

ስረከባት ስኮርታ ጎማዋ የለም፣ ክሪኩ የለም፣ አባባ ሠላሳ ዓመት ከወንበር ሥር ያስቀመጠው የመፍቻ ከረጢትም የለም። የኋላ ወንበሯ ላይ የጋራዡ ውሻ ይተኛ እንደነበር ፀጉሩ ይመሰክራል። ሞተሩ ግን ብር ቀለም ተቀብቶ ያብለጨልጫል። «ዋን ኤች ዜድ የሚባለው የቶዮታ ሞተር ነው፣ ከዚህ በላይ ናፍጣ የለም» ብለው ሸኙኝ። ቀለበት መንገድ ላይ ዳገት ስነካ ከኋላዬ ያለው ዓለም በሙሉ ጠፋ። ጭሱ! አንድ የሚኒባስ ረዳት በመስኮት ብቅ ብሎ «እህቴ፣ ከሰል እያከሰልሽ ነው እንዴ?» አለኝ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔ መሪው ላይ አለቀስኩ።

ክላውዶ፣ ማለትም ቦሎ የሚያሰጠው የመኪና ምርመራ፣ ስወስዳት በሁለት ነገር ወደቀች። አንዱ ጭሱ ነው፤ የጭስ መለኪያውን ማርሚታዋ (የጭስ ማውጫዋ) ውስጥ ከተው አንዴ ሲረግጡት መርማሪው ራሱ ወደ ኋላ ሸሸ። ሁለተኛው የሞተር ቁጥሩ ነው፤ ሊብሬው (የባለቤትነት ደብተሯ) ላይ ካለው ጋር አይገናኝም። ለካ ሞተር ከመቀየሩ በፊት ፋይሉ ያለበት ትራንስፖርት ቢሮ ሄዶ ማስፈቀድ፣ የሞተሩን የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ማቅረብ፣ ከዚያ አዲሱን ቁጥር ሊብሬ ላይ ማስጻፍ ያስፈልግ ኖሯል። ገንዘቤን ሲቀበሉ ይህን የነገረኝ አልነበረም። ቢሮ ስሄድ የባሰው መጣ፤ ጋራዡ ወረቀት ላይ ሞልቶ የሰጠኝ የሞተር ቁጥርና ዲክላራሲዮኑ ላይ ያለው በአንድ አኃዝ ይለያያሉ። «ይህ ሞተር ሌላ ነው፤ የተሰረቀም ሊሆን ይችላል» ተባልኩ። ጋራዡ ጋ ተመልሼ ስጮህ «ምን ያስጨንቅሻል፣ የዲክላራሲዮኑን ቁጥር ሞተሩ ላይ እናስመታልሻለን» አሉኝ። ወንጀል እኮ ነው! ያንን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል አላየሁም። መኪናዋ ሸራ ለብሳ ግቢ ቆመች።

ከወራት በኋላ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ናት «ሳሪስ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ አይዋሹም» ያለችኝ። ሌላ ማስታወቂያ አልነገረችኝም፤ አይዋሹም ብቻ። አስጎትቼ ወሰድኳት። በሩ ቆርቆሮ ነው፣ ታፔላ የለውም። ሰውየው ስድሳውን ያለፉ፣ ሰማያዊ ቱታ የለበሱ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ። ኮፈኗን ከመክፈታቸው በፊት ጎኗን መታ መታ አደረጉና «የማን ናት?» አሉኝ።

«የአባቴ።»

«በሕይወት አሉ?»

«አሉ ጋሼ። መንዝ ናቸው።»

«እንግዲያማ እናድናታለን» አሉ። ከዚያ «ወረቀቶቹን ሁሉ አምጪ» ብለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አንድ በአንድ አነበቡ። እኔ ከአባባ በቀር ወረቀት እስከ መጨረሻው የሚያነብ መካኒክም ሹፌርም አይቼ አላውቅም።

ቀጥሎ ያደረጉትን እስክሞት አልረሳውም። በሃይላንድ ጠርሙስ ትንሽ ናፍጣ አስቀዱ፣ ከኪሳቸው ያረጀ የጥርስ ብሩሽ አወጡ፣ ባትሪ አበሩና ሞተሩ ጎን ላይ ያለውን ቁጥር መፈግፈግ ጀመሩ። ያ ለማማር የተቀባ ብር ቀለም እየተላጠ ወረደ። በጨርቅ ጠረጉት፣ እንደገና ፈገፈጉት። ቢያንስ ሩብ ሰዓት። ከዚያ «ዲክላራሲዮኑን ያዢ፤ እኔ ላንብብ አንቺ አስተያዪ» አሉኝ። አንድ በአንድ ጠሩ። ያቺ የተረገመች አኃዝ ላይ ሲደርሱ «ሰባት» አሉ።

«ጋራዡ አንድ ነው ያለው» አልኳቸው።

«ጋራዡን ተዪው። ጉምሩክ ምን ይላል?»

ሰባት ይላል።

እጄን ያዙና «ነይ፣ ጣትሽን አሳርፊበት» አሉኝ። ጎንበስ ብዬ ጣቴን አሳረፍኩ። ከላይ የሰባቷ አግዳሚ ሰረዝ ጣቴ ሥር ትቆረቁራለች። ቀለም ሞልቷት ነው እንጂ እዚያው ነበረች። እነዚያ ሰዎች ቀለም ቀብተው፣ በቀለሙ ላይ አንብበው፣ አንድ ብለው ጻፉ። እኔ የሌባ ሞተር የያዝኩ መስሎኝ ወር አልፎ ወር ሲተካ እየተንቀጠቀጥኩ ኖሬያለሁ። ኮፈኑ ሥር እንደጎነበስኩ እንባዬ መጣ። ጋሼ አላዩኝም መሰል፤ ወይም ማየት አልፈለጉም፤ ፊታቸውን አዙረው ልጁን «ሻይ አምጣ፣ ስኳር አብዛበት» ብለው ጮኹበት። ለዚያ ስንት ልክፈል ስላቸው «ከናፍጣ በቀር ምን አወጣሁ?» ብለው እንቢ አሉ።

ሌላም አለ። ጭሱን ዛሬውኑ አስተካክሉልኝ ብዬ ለመንኳቸው። «መጀመሪያ ቁጥሩን ሊብሬ ላይ አስጽፊ፤ ያልተፈቀደ ሞተር ላይ ገንዘብሽን አላስወጣሽም» አሉኝ። ገንዘብ ይዤ ቆሜ እየለመንኩ! እንዲህ ያለ ሰው አሁን አለ? ቢሮ የሄድኩት የቁጥሩን ፎቶ ይዤ ነው። ባለሙያ መጥቶ በዓይኑ አየ፣ ፋይሉ ተስተካከለ። መመላለሱ አልቀረም፤ ግን እውነቱ እጄ ላይ ስላለ አልደከመኝም።

ጭሱን ምን እንዳደረጉት አትጠይቁኝ፤ ግማሹ አልገባኝም። የገባኝ ይህ ነው። ሞተሩ የመጣው ከዓረብ አገር ነው፣ ባሕር ጠርዝ ካለ አገር። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው፣ ሞተሩ ደግሞ ቱርቦ (ተጨማሪ አየር የሚገፋለት) የለውም። ናፍጣው በአየሩ ልክ መቀነስ ሲገባው ያኞቹ ጉልበት ይጨምራል ብለው ናፍጣ የሚገፋውን ፓምፓ ጭራሽ ከፍተውታል። «የምታይው ጥቁሩ የራስሽ ናፍጣ ነው፤ ሳይቃጠል የሚወጣ» አሉኝ ጋሼ። ፓምፓው ወረደ፣ ናፍጣ የሚረጩት ኖዝሎች ተፈተሹ፣ የአየር ማጣሪያው ተቀየረ። አስቀድመው ደግሞ «ጉልበቷ ትንሽ ይቀንሳል፤ ዳገት ላይ ከኮስትር ጋር አትሽቀዳደሚ» ብለው ነገሩኝ። የሚቀንሰውን አስቀድሞ የሚናገር ባለሙያ እወዳለሁ።

ሲጨርሱ «እዚህ ጋ ማየት አይበቃም» ብለው እንጦጦ አስወጡኝ። እኔ ነኝ የነዳሁት፤ እሳቸው ጎኔ ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ጫፍ ላይ ስንደርስ ወርደው ነጭ ጨርቅ ከማርሚታው ኋላ ዘርግተው ያዙና «ርገጪ!» አሉ። ረገጥኩ። «ድገሚ!» ደገምኩ። ጨርቁን ይዘው መጡ፤ መሃሉ ላይ አመድ የመሰለች ክብ ብቻ። ትንሽ አሰቡና «ክላውዶ ታልፋለች» አሉ። በሳምንቱ አለፈች። ጨርቁን ለምኜ ወስጄዋለሁ፤ ዳሽቦርዱ ውስጥ አለ።

ማታ ለአባባ ደወልኩና ስልኩን ሞተሩ ላይ አስጠጋሁለት። ዝም ብሎ ሰማ ሰማና «ወፍጮ ቤት ነሽ እንዴ?» አለኝ። አንተ፣ መኪናህ ናት ብለው አላምን አለ። ለፋሲካ ይዤለት እሄዳለሁ፤ ሲቀመጥባት ያምናል።

ወገኖቼ፣ አሮጌ ላንድክሩዘርም ላንድሮቨርም ያላችሁ፣ ወደ ናፍጣ ለመቀየር ያሰባችሁ፣ እባካችሁ መጀመሪያ እኚህን ሰው አማክሩ። ሞተር ሳትገዙ አማክሯቸው! አሮጌ የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ የሚያብለጨልጭ ሞተር ካያችሁ ደግሞ ቁጥሩን ፈግፍጋችሁ ከዲክላራሲዮኑ ጋር ሳታስተያዩ ብር እንዳትቆጥሩ። ሴቶች እህቶቼ፣ ብቻችሁን ሂዱ፤ «ባልሽን ጥሪ» የሚል የለም። ለእናንተው ያስረዷችኋል፣ ካልገባችሁም ይደግሙላችኋል። እኔ ሦስቴ አስደግሜያቸዋለሁ።

ስማቸውን እንዳልጽፍ ስላስጠነቀቁኝ አልጻፍኩም፤ «ሰው በዝቶ ሥራዬን እንዳያበላሸው» ነው ያሉት። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አድራሻውን እልካለሁ። ስልክ ብዙ አያነሱም፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በአካል መሄድ ይሻላል። በወሩ 12 ግን እንዳትሄዱ፤ ሚካኤል ስለሆነ ጋራዡ ዝግ ነው።