ጀጎል ውስጥ የቆየ ቤት ላላችሁ፦ የኖራ ሥራ የሚያውቁ ግንበኛ እንጠቁማችሁ

ከድሬዳዋ፣ ከአዲስ አበባና ከውጭ ተሰባስበን ሐረር ያለውን የወላጆቻችንን ቤት ያሳደስን እህትና ወንድማማቾች ነን። ምስጋናችን ግርግዳውን ለሠሩልን ግንበኛ ነው። ስማቸው በአደባባይ እንዲጻፍ አልወደዱም፤ ስልካቸውን በግል ለጠየቀን እንሰጣለን። እዚህ የምንጽፈው አሠራራቸውን ነው፣ ሌላ ሰው ብትይዙም ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ እንድታውቁ።

ሲመጡ የመጀመሪያ ቃላቸው «ሲሚንቶውን መልሱ» ነበር። የጀጎል ቤት ግርግዳ ድንጋይና ጭቃ ነው። ከመሬት የሳበውን እርጥበት በልስኑ በኩል እያስወጣ ይኖራል። ሲሚንቶ ሲለጠፍበት ውሃው መውጫ ያጣና ወደ ላይ ይወጣል፣ ጭቃውን ያላላዋል፣ ይዞት የመጣው ጨውም ከልስኑ ጀርባ እየጠጠረ ይገፋዋል። ከጥቂት ክረምት በኋላ ልስኑ ከነጭቃው ተገምሶ ይወርዳል። በጣት አንጓ አንኳኩት፤ ባዶ ጀሪካን የመሰለ ድምፅ ከሰጠ ለቋል።

ልስን ከመንካታቸው በፊት ግን ጣሪያ ወጡ። ብዙ ቤት ላይ ቆርቆሮው ከድሮው የጭቃ ጣሪያ በላይ የተደረበ ነው። ሚስማሩ በጉብታው ሳይሆን ውሃ በሚወርድበት ሸለቆ ከተመታ፣ ወይም ጎማውን ፀሐይ በልቶት ከተሰነጠቀ፣ ውሃው በድብቅ ገብቶ ጣሪያውን የተሸከሙትን የጥድ ግንዶች ጫፍ ያገኛል። ግንዱ የሚበሰብሰው መሀሉ ላይ አይደለም፣ ግርግዳ ውስጥ የተቀበረው ጫፉ ነው። በካቻቢቴ ሲወጉት ሁለት ሴንቲ ሜትር ከገባ መለወጥ አለበት። ግቢውም ከክፍሉ ወለል ከፍ ብሎ ከሆነ (በየዓመቱ የሚደለደል አፈር ሳይታወቅ ይቆለላል) ተቆፍሮ ይወርዳል፣ ለአንድ ሜትር ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ከግርግዳው እየራቀ እንዲያዘቀዝቅ ይደረጋል። ይህ ሳይስተካከል የሚለሰን ልስን የተጣለ ገንዘብ ነው።

አሁን ወደ ኖራው። እንደ እኛ ለሁለት ሳምንት ተገናኝቶ የሚበተን ቤተሰብ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሁሉም ሳይሄድ ያለቀ ቤት ማየት ይፈልጋል፣ ኖራ ደግሞ አይቸኩልም። ጥሬው ኖራ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ቀድሞ መዘፍዘፍ አለበት፤ አንድ ወር ቢቆይ ይሻላል። ቅርብ ያለው ልጅ ቀድሞ ያዘጋጀው። የብረት በርሜል እንጂ ፕላስቲክ አይሆንም፣ ሙቀቱ ያቀልጠዋል። ውሃው ይቀድማል፣ ኖራው በጥቂት በጥቂቱ ይጨመራል፣ በረጅም እንጨት ይማሰላል። ኖራ ላይ ውሃ መድፋት አደገኛ ነው፤ ፈልቶ ይፈናጠራል፣ ዓይን ያጠፋል። መነጽርና ጓንት ይደረግ፣ ሕፃናት ይራቁ። ሲበርድ በወንፊት ተጠልሎ ላዩ ላይ አራት ጣት ውሃ እንደተኛበት ተከድኖ ይቀመጣል። ውሃ በደንብ ሳያገኛት የቀረች የኖራ ፍሬ ካለች ከወራት በኋላ ግርግዳው ላይ እርጥበት ታገኝና አብጣ ልስኑን እንደ ፈንዲሻ ታፈነዳዋለች።

ልስኑ አንድ እጅ የቦካ ኖራ ለሦስት እጅ የታጠበ አሸዋ ነው። የአንድ ክፍል ግርግዳ ታችኛው አንድ ሜትር፣ ዙሪያው 14 ሜትር ቢሆን፣ በሁለት ዙር ሁለት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ለመለሰን ግማሽ በርሜል ኖራ ይበቃል። ግርግዳው ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ውሃ ይረጫል። የመጀመሪያው ዙር ከአንድ ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። ሁለተኛው ከሳምንት በኋላ፣ አውራ ጣት ሲጫነው የማይሰረጉድ፣ ጥፍር ግን የሚጭረው ሲሆን ይለጠፋል። በየመሀሉ እርጥብ ጆንያ ይንጠለጠልበታል። ኖራ የሚጠነክረው እርጥብ እያለ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚስብ ነው፤ የሐረር ነፋስ ቶሎ ካደረቀው በእጅ ሲነካ ዱቄት ይሆናል። የቀለም ኖራው እንደ ወተት የቀጠነ ሆኖ አራት ጊዜ፣ በቀን አንዴ ይቀባል። ወፍራም አንድ ዙር ይላጣል። ፕላስቲክ ቀለም ደግሞ ያው የሲሚንቶው ወንድም ነው።

ነደባው (ክፍሉ ውስጥ ከፍ ብሎ የተሠራው መቀመጫ) ላይ ሴራሚክ እናንጥፍ የሚል ሐሳብ ከመካከላችን ተነስቶ ነበር። እሳቸው በቀይ አፈር መልሰው ቀቡት። በ1879 ዓ.ም በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰውን የሐረሪዎች ደም ያስታውሳል የሚባለውን ቀለም በሴራሚክ መሸፈን ለእኛም ከብዶን ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። ጀጎል ከ1998 ዓ.ም ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ነውና በርና ግርግዳ ከማፍረሳችሁ በፊት ቅርስ ጥበቃ ቢሮ ጠይቁ።

ስለ ሂሳብ፦ ግንበኛው «አንድ ሰው ብቻ ይዘዘኝ» ይላሉ። ከአራት ልጅ አራት ትዕዛዝ ሲመጣ ሥራ ይበላሻል። እኛ ታላቃችንን ወከልን፣ ደረሰኙን ሁሉ ለሁላችንም ፎቶ እያነሳ ላከ። የእጅ ዋጋቸውን በሦስት ይቀበላሉ፦ ሲጀምሩ፣ የመጀመሪያው ልስን ሲያልቅ፣ የመጨረሻውን ደግሞ የመጀመሪያው ዝናብ ዘንቦ ጣሪያው ሲታይ። ይህን ሐሳብ ያመጡት እሳቸው ናቸው፤ ከእኛ ማንም አልጠየቃቸውም።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። የምትፈልጓቸው ደግሞ ቀድማችሁ ደውሉ፤ ክረምቱ ከወጣ ከጥቅምት እስከ ጥር ጊዜያቸው ጠባብ ነው። ኖራውን ዘፍዝፋችሁ ከጠበቃችኋቸው የመጡ ዕለት ይጀምራሉ።