ለቤት ኮምፒውተር የፎቶ ማስተካከያ፦ ፎቶፒ፣ ጊምፕ፣ አፊኒቲ ወይስ ፎቶሾፕ?

ሐረርም ሆነ ድሬዳዋ «የፎቶ ማስተካከያ ጫኑልኝ» ብሎ ኮምፒውተሩን ለሚሰጥ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጫንለት ክራክ የተደረገ (ሳይከፈልበት እንዲሠራ መቆለፊያው የተሰበረ) ፎቶሾፕ ነው። ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ሲዞር የኖረ፣ ገና ሲጫን ጸረ ቫይረሱን አጥፉ የሚል። እባካችሁ አትቀበሉት። የሠርግና የልጆች ፎቶ ያለበትን ኮምፒውተር ጥበቃ አጥፍቶ ምንጩ ያልታወቀ ፕሮግራም መጫን ፎቶዎቹን ራሳቸውን ሊያሳጣ ይችላል። ደግሞ አያስፈልግም፤ ያለ ክፍያ በሕጋዊ መንገድ የሚገኙት ለቤት አገልግሎት ከበቂ በላይ ናቸው።

ምንም ሳትጭኑ መሞከር ከፈለጋችሁ ፎቶፒ አለ። በብራውዘር ይከፈታል፤ አሠራሩ ፎቶሾፕን ስለሚመስል የለመደ ሰው አይቸገርም፤ የፎቶሾፕ ፋይሎችንም ይከፍታል። ፎቶዬ ወደ ኢንተርኔት ይሄዳል ብላችሁ አትስጉ፤ ማስተካከሉ የሚከናወነው እዚያው በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ነው። ገጹ ከተከፈተ በኋላ ኔትወርክ ቢቋረጥ እንኳ የጀመራችሁትን መቀጠል ይቻላል። የሚያስቸግረው በጎን በኩል የሚታየው ማስታወቂያ ነው፤ በትንሽ ስክሪን ላይ ቦታ ይሻማል።

ጊምፕ ግን ይዞ ለመቆየት የሚሆን ነው። ከ1996 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ) ጀምሮ እየተሻሻለ የመጣ ነጻ ፕሮግራም ነው፤ አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይጠይቅም። መጫኛውን በፍላሽ ገልብጦ ለጎረቤት መስጠትም በፈቃዱ ውስጥ አለ። ለዚህ ነው ኔትወርክ ለሚቆራረጥበት ቤት ከሁሉ አስቀድሜ የምመክረው። ፎቶሾፕ የለመደ ሰው መሣሪያዎቹን ፈልጎ እስኪያገኝ ትዕግሥት ይፈልጋል። የቀድሞው ትልቁ ቅሬታ፣ የተጨመረ ማስተካከያ በኋላ ተመልሶ አይለወጥም የሚለው፣ በ2025 በወጣው 3.0 እትም በአብዛኛው ተቃልሏል።

በተለይ የአያቶቻችንን ጥቁርና ነጭ ፎቶ ለማደስ ጊምፕ ጥሩ ነው። ፎቶውን በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ስካን አድርጉ፤ 10 በ15 ሴንቲሜትር የሆነ ፎቶ ወደ 2400 በ3600 ፒክስል ገደማ ይሰጣችኋል። ስካኑን በጄፔግ ሳይሆን በቲፍ አስቀምጡ፤ ጄፔግ እየታረመ በተቀመጠ ቁጥር ጥራት ይቀንሳል። ከዚያ የተሰነጠቀውንና የተጫረውን በሂል (ከአካባቢው ጋር አዋሕዶ በሚጠግነው) እና በክሎን (ከሌላ ቦታ ገልብጦ በሚለጥፈው) መሣሪያዎች ትሸፍናላችሁ። ፔይንት ዶት ኔት የሚባለው ሌላው ነጻ ፕሮግራም ክሎን አለው እንጂ እንደ ሂል ያለ መሣሪያ አብሮት አይመጣም። ቀላልና ፈጣን ስለሆነ ለመቁረጥና መጠን ለማሳነስ ይመቻል፤ ጽሑፍ ስትጽፉበት ግን ተጠንቀቁ፣ አንዴ ከጨረሳችሁት በኋላ ፊደሉን ማረም አይቻልም። የአማርኛ ፖስተር ለሚሠራ ባለሱቅ ይህ ብቻውን ጊምፕን ወይም ፎቶፒን ለመምረጥ ይበቃል።

ካሜራ ያላቸው ሰዎች ጉዳይ ለየት ይላል። እኩለ ቀን ላይ ጀጎል ውስጥ ሰው ስታነሱ ነጭ ልብሱ በፀሐይ ይነጻል፣ ፊቱ በግንቡ ጥላ ይጨልማል። የሐረሪ ቤት ውስጥ ደግሞ ብርሃኑ ከበር ብቻ ይገባና ቀዩ ነደባ (መቀመጫው መደብ) እና ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ስፌት ጨለማ ይውጣቸዋል። እንዲህ ያለውን ፎቶ በጄፔግ ብቻ ካነሳችሁት ጥላውን ለማብራት ስትሞክሩ ይቆሽሻል። ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ ነው የሚይዘው፤ ባለ 14 ቢት ሮው (ካሜራው ያየውን ሳያስተካክል የሚያስቀምጥበት ፋይል) ግን 16,384። ስለዚህ በሮው አንሱ። ጊምፕ ሮውን ለብቻው አይከፍትም፣ እንደ ዳርክቴብል ያለ የሮው ማስተካከያ ከጎኑ መጫን ያስፈልጋል፤ ዳርክቴብልም ነጻ ነው፣ ግን ለጀማሪ ከባድ ነው። እዚህ ላይ አፊኒቲ ይበልጣል፤ ሮውን አስተካክሎ፣ ሌየር (ተደራራቢ ንብርብር) ሠርቶ፣ ጽሑፍ ጨምሮ ሁሉን በአንድ ቦታ ያስጨርሳል። ድሮ የሚሸጥ ነበር፤ ካንቫ ድርጅቱን በ2024 ከገዛው በኋላ ከጥቅምት 2025 መጨረሻ ጀምሮ በነጻ ይሰጣል። የካንቫ አካውንት መክፈት ግድ ነው፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩት ክፍሎችም ክፍያ አላቸው። ያረጀ ኮምፒውተር ላይ ይከብዳል፤ 8 ጊጋ ራም ካላችሁ ግን የእኔ ምርጫ እሱ ነው።

ፎቶሾፕ ከ2013 ጀምሮ በየጊዜው የሚከፈልበት ሆኗል፤ ክፍያው ውጭ አገር የሚሠራ ካርድ ይፈልጋል። ኤለመንትስ የሚባለው ታናሹ አንዴ ይከፈልበታል፤ ከ2025 እትም ወዲህ ግን ፈቃዱ ለ3 ዓመት ብቻ ነው። ከስቱዲዮ ወይም ከማተሚያ ቤት ጋር በየቀኑ የፎቶሾፕ ፋይል ለሚለዋወጥ ሰው ፎቶሾፕ ተገቢ ወጪ ነው። ለሌላው ግን ያን ገንዘብ ራም ላይ ማዋል ይሻላል፤ 4 ጊጋ ያለውን ኮምፒውተር 8 ማድረግ ከላይ ያልኳቸውን ሁሉ ያፈጥናል። ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ከመውረዳችሁ በፊት የኮምፒውተራችሁ ራም ዲዲአር 3 ይሁን ዲዲአር 4 አረጋግጡ፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም።