የኦሊምፒክ የዩቲዩብ ቻናል፦ የካቲንካ ሆሱን የውድድር ዘመን ለመከታተል ምን ያህል ይበቃል?

ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ በዩቲዩብ የከፈተው ቻናል ያለፉ የኦሊምፒክ ውድድሮችን ያለ ክፍያ ያሳያል። እኔ የገመገምኩት ከአንድ ጠባብ ጥያቄ አንጻር ነው፤ ከውድድር የተሰናበተች የድብልቅ ቀዘፋ ዋናተኛ ምን ዓይነት የውድድር ሕይወት እንዳሳለፈች ከዚህ ክምችት መረዳት ይቻላል ወይ? ለዚህም በ2025 መጀመሪያ ከውድድር መሰናበቷን ያስታወቀችውን ሀንጋሪያዊት ካቲንካ ሆሱን መረጥኩ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ቻናሉ በዋናነት የሚመሰገነው እንደ ሪዮ 2016 ያሉ የፍጻሜ ውድድሮችን ሙሉውን ስለሚያቀርብ ነው። የ400 ሜትር ድብልቅ ዋናተኛዋ ቢራቢሮን፣ ጀርባን፣ ደረትንና ነፃ ቀዘፋን መቶ መቶ ሜትር በቅደም ተከተል የምትዋኝበት በመሆኑ፣ የመጨረሻዋን ደቂቃ ብቻ ቆርጦ የሚያሳይ ቪዲዮ እምብዛም አይጠቅምም፤ ማን በየትኛው ቀዘፋ ጊዜ እንዳተረፈች፣ በየትኛው እንደተጎዳች የሚለየው ከመነሻው ጀምሮ ሲታይ ነው። ሆሱ በሪዮ በ4:26.36 ስትገባ የቀድሞውን የዓለም ክብረ ወሰን በ2.07 ሰከንድ አሻሽላለች፤ ሁለተኛ የወጣችውን አሜሪካዊት ማያ ዲራዶን የቀደመቻት በ4.79 ሰከንድ ነበር። ቪዲዮውን አቁሞ የኮማና የነጥብ ቁልፎችን በመጫን ምስል በምስል መሄድ ስለሚቻል፣ ከጀርባ ወደ ደረት ቀዘፋ የሚደረገውን ዙረት ደጋግሞ ለማየት የተመቸ ነው። በዚያ ዙረት ዋናተኛዋ ግድግዳውን የምትነካው በጀርባዋ እንዳለች መሆን አለበት፤ ተመልካች የማያስተውለው ጊዜ የሚባክነውም ብዙውን ጊዜ እዚያ ነው።

ከዚህ ውድድር ቀጥሎ የ200 ሜትር ጀርባ ፍጻሜን ማየት እመክራለሁ። በዚያው ሳምንት በ400 እና በ200 ሜትር ድብልቅ እንዲሁም በ100 ሜትር ጀርባ ወርቅ የወሰደችው ሆሱ፣ በዚህ ርቀት በዲራዶ የተቀደመችው በ0.06 ሰከንድ ብቻ ነው። ለእኔ ከሦስቱ ድሎች ይልቅ ይህ ሽንፈት የበለጠ ያስተምራል።

ድክመቱ ከክምችቱ ጠባይ የሚመነጭ ነው። ቻናሉ የኦሊምፒክ እንደመሆኑ የሚያሳየው በየአራት ዓመቱ የሚመጣውን ሳምንት ነው፤ የሆሱ የውድድር ሕይወት ግን በዋናነት የተገነባው በመካከሉ ባሉት ዓመታት ነው። በለንደን 2012 በ400 ሜትር ድብልቅ አራተኛ ስትሆን ሰዓቷ 4:33.49 ነበር። ይህን ከሪዮው ውጤት ጋር ብቻ አጠገብ ለአጠገብ ያየ ተመልካች፣ ሰባት ሰከንድ በአንድ ጊዜ ከሰማይ የወረደ ሊመስለው ይችላል። በ2009 በሮም የዓለም ሻምፒዮን የሆነችበት፣ በ2013 በባርሴሎና እና በ2015 በካዛን ሁለቱንም የድብልቅ ርቀቶች ያሸነፈችበት፣ እንዲሁም ከ2012 እስከ 2016 በተከታታይ የዓለም ዋንጫውን አጠቃላይ አሸናፊነት የወሰደችበት ጉዞ ከዚህ ታሪክ ውጭ ይቀራል። «ብረቷ ሴት» የሚለውን ቅጽል ያስገኘላት በአንድ ቀን በርካታ ውድድሮችን መዋኘቷ ነው፤ ይህን ደግሞ በኦሊምፒክ መርሐ ግብር ብቻ መረዳት ያስቸግራል።

ስለዚህ ቻናሉን አንድን ውድድር በጥልቀት ለማጥናት ለሚፈልግ፣ በተለይም ለአሰልጣኞችና ለወጣት ዋናተኞች፣ ያለ ማመንታት እመክራለሁ። የዋናተኛዋን ሙሉ ጉዞ የሚፈልግ ሰው ግን ቀድሞ ፊና ይባል የነበረውን የዓለም የውሃ ስፖርቶች ፌዴሬሽን የውጤት መዝገብ አብሮ መክፈት ይኖርበታል፤ በካዛን በ200 ሜትር ድብልቅ ያስመዘገበችውና ካናዳዊቷ ሰመር ማኪንቶሽ በ2025 እስክታሻሽለው ድረስ የቆየው የ2:06.12 ክብረ ወሰን የሚገኘው እዚያ ነው።